መብራት የሄደ ለት

የመጋቢ ሚስት ሪዛም የካርቱን ሰው ይዛ ቴኒስ ትጫወታለች ብትባሉ ምን ትላላችሁ? እኔው ነኝ። «ማሪዮ ቴኒስ ኤይስስ» ይባላል፤ ኔንቲንዶ በሰኔ 2010 ዓ.ም. ያወጣው ጌም ነው። ከነማጫወቻው ያመጣችልን ሜሪላንድ የምትኖረው እኅቴ ናት፤ በኢንተርኔት ለመጫወት የሚያስፈልገውንም ክፍያ እርስዋ ትከፍላለች።

በፊት ተቃውሜ ነበር። ልጄ ከስልኩ ቀና አይልም፤ በዚያ ላይ ሌላ ጌም! ነገር ግን የእኅቴ ልጅ አማርኛው እየጠፋ፣ ስንደውል «ሰላም ነው» ብሎ የሚሮጥ ሆኖብን ነበር።

ስለዚህ ቅዳሜ ማታ 3 ሰዓት፣ እዚያ በበጋቸው ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን፣ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርገን እንገጥማለን። ኳሷ በሁለቱም ቤት እኩል መታየት ስላለባት ኔትወርክ ሲደክም ጨዋታው ይንቀረፈፋል። ደግሞ ኃይለኛውን ምት ያለ ሰዓቱ ከመለስሽ ራኬትሽ ይጎዳል፤ ራኬት ካለቀብሽ በነጥብ ብትመሪም ተሸነፍሽ። (ባለቤቴ ሁልጊዜ የሚሸነፈው በዚህ ነው፤ ትዕግሥት የለውም።) «አክስቴ፣ ራኬትሽ!» የሚለው ተጋጣሚዬ ራሱ ነው።

አንድ ቅዳሜ ልሸነፍ ስል አቃቂ መብራት ሄደ። ልጁ «አክስቴ ሸሸች» ብሎ ለእናቱ ከሰሰኝ። በማግስቱ ራሱ ደወለ። መብራት እንዴት ይሄዳል? ወዴት? ሻማ ስናበራ ምን እናደርጋለን? እናቱስ ልጅ ሳለች? በተሰባበረ አማርኛ ግማሽ ሰዓት ቆየን። ሊዘጋ ሲል ስለ አያቱ ጠየቀኝ፤ ስልኩን ለእናቴ ሰጠኋት።