ውሃ የለመደ መስታወት

ደብረ ሲና ላይ ጉም ከጣርማ በር ሲወርድ፣ በያጅ የሚጨነቀው ለኤሌክትሮዱ ነው። እርጥበት የጠጣ ኤሌክትሮድ ብየዳውን ቀዳዳ ቀዳዳ ያደርገዋል። ብረቱ ግን ውሃ አይጠጣም፤ የሚጠጣው ግራጫው ሽፋን ነው። ያንን ሽፋን ከብረቱ ጋር ያጣበቀው ሙጫ ሶዲየም ሲሊኬት ነው፦ አሸዋና ሶዳ በእሳት ቀልጠው የሚሰጡት፣ በውሃ የሚሟሟ መስታወት።

መስታወት ደግሞ ይሟሟል እንዴ? ጀርመናዊው ኬሚስት ዮሐን ፎን ፉክስ በ1818 እ.ኤ.አ. ንጹሕ ሲሊካ ለማውጣት ሲሞክር ነበር በዚህ የተገረመው። በኋላ ባሳተመው አሠራር 15 እጅ ኳርትዝ፣ 10 እጅ ፖታሽና 1 እጅ ከሰል ይቀልጣሉ፤ የወጣው ተፈጭቶ ሲፈላ ወፍራም ፈሳሽ ይሆናል። ሲደርቅ ተመልሶ መስታወት ነው።

በጥር 1823 እ.ኤ.አ. የሙኒክ ቴአትር ተቃጠለ። ውሃው በብርድ ረግቶ ስለነበር ከጠማቂዎች ቢራ እያመጡ ረጩበት ይባላል፤ አልጠቀመም። አዲሱ ቴአትር ሲሠራ ግን ፉክስ ፈሳሹን እንጨቱ ላይ አስቀባ። መስታወት የለበሰ እንጨት በቀላሉ ነበልባል አይይዝም።

እኔን የሚገርመኝ ሌላው ጠባዩ ነው። አሲድ ጠብ ሲደረግበት እንደ እርጎ ይረጋል። የረጋው ታጥቦ ሲደርቅ፣ በጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኘው እርጥበት መጣጭ ፍሬ ይሆናል። ብረት አቅላጮችም አሸዋውን በሲሊኬት ለውሰው ቅርጽ ካስያዙት በኋላ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ ይነፉበታል፤ ቅርጹ ወዲያው ይደነድናል።

ከደብረ ሲና በስተሰሜን፣ መንዝ ውስጥ፣ ተፈጥሮ ይህንኑ ማርጋት ያለ ፋብሪካ ሠርታዋለች። ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውሃ ያሟሟው ሲሊካ በድንጋዩ ክፍተት ገብቶ ረግቶ ጠጠረ፤ ኦፓል ሆነ። እዚያው መንዝ ካለው መዘዞ የወጣው ኦፓል በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ገበያ ላይ ሲወጣ፣ ቡናማውን ድቡልቡል ድንጋይ የፈለጠ ሰው ውስጡ ብርቱካንማና ቸኮላታማ መደብ ላይ የሚጫወት ቀለም አገኘ። ደስታው ግን ብዙም አልቆየም። ኦፓል ብዙ ጊዜ ከክብደቱ ከ6 እስከ 10 በመቶው ውሃ ነው፤ ከተሸሸገበት ወጥቶ አየር ሲነካው ውሃው ይሸሻል፣ የረጋው አካል ይኮማተራል፣ ድንጋዩም እንደ ደረቀ ጭቃ ይሰነጠቃል። ከመዘዞ የወጣው ብዙው እንዲህ ሆኖ ስሙን አጠፋ። ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ገዢ ኦፓሉን ወራት አየር ላይ አስቀምጦ ይጠብቃል፤ ሳይሰነጠቅ የከረመውን ብቻ ለቆራጭ ይሰጣል።