አስማት ሁሉ መተት አይደለም

ደብረ ማርቆስ አካባቢ ሰው ድንገት ሲታመም፣ ትዳሩ ሲናጋ ወይም ከብቱ ሲያልቅበት ጎረቤት ዝም አይልም። አንዱ «መተት ተደርጎበት ነው» ይላል፤ ሌላው «ቡዳ በልቶት ነው»፤ ሦስተኛው ድግምት ነው ብሎ ይደመድማል። ለእንግዳ ጆሮ ሦስቱም ያው ናቸው። ለተናጋሪዎቹ ግን ተከሳሹም የሚፈለገው መፍትሔም ይለያያል። ፈረንሳይኛ የሚማር ሰውም ማዢ፣ ሻርም፣ ሶር፣ ሶርሴልሪ የሚሉትን ሲያገኝ ሁሉንም «አስማት» ብሎ ማለፍ ይቀለዋል። በሁለቱም ቋንቋዎች ቃላቱን ለመለየት ሦስት ጥያቄዎች ይበቃሉ፤ ድርጊቱ በምን ይፈጸማል? ለምን ይፈለጋል? ኃይሉስ ከየት መጣ ይባላል?

«በምን?» ብለን እንጀምር። አስማት በግእዝ «ስም» የሚለው ቃል ብዙ ቁጥር ነው። ባለሙያው ይዞታል የሚባለው ኃይል ኅቡእ ስሞችን በማወቅና በመጥራት ላይ የቆመ ነው። ድግምት «ደገመ» ከሚለው ግስ የመጣ ስለሆነ መሣሪያው አንደበት ነው። ዳዊት የሚደግም ሰውም በዚሁ ግስ ይጠራል፤ የሚለያዩት በሚደገመው ቃልና በታሰበው ዓላማ ነው። ክታብ ደግሞ ከ«ከተበ» ይወጣል። ብራና ላይ ተጽፎና ተጠቅልሎ በቆዳ ይሰፋና አንገት ላይ ይንጠለጠላል። ረጅሙ ጥቅል ብዙ ጊዜ በባለቤቱ ቁመት ልክ ይዘጋጅ ነበር።

«ለምን?» የሚለው ጥያቄ ሌሎቹን ይለያል። ጠንቋይ ዘንድ የሚኬደው የተሰወረውን ለማወቅ ነው፤ በሬውን ማን ሰረቀው? ልጁ ከሄደበት ይመለሳል? መተት ለመጉዳት የሚደረግ ነው፤ ክታብ ለመጠበቅ። ሟርት ሥርዓትም መሣሪያም አያሻውም። ክፉ ነገር አስቀድሞ መናገር ብቻ ይበቃል፤ «አታሟርትብኝ» የምንለውም ለዚህ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ በዘዳግም ምዕራፍ 18 ከሚከለክላቸው መካከል ጠንቋዩን፣ መተተኛውንና ሞራ ገላጩን ለየብቻ መቁጠሩ ልዩነቱ የቆየ መሆኑን ያሳያል።

ሦስተኛው ጥያቄ ቡዳን ከሁሉም ይነጥላል። መተት ተምሮ ወይም ከፍሎ የሚደረግ ነው ይባላል፤ ቡዳነት ግን በዘር የሚወረስ፣ በዐይን የሚሠራ ተደርጎ ይታመናል። ባለቤቱ ሳያስበው እንኳ ይጎዳል ይባላል።

አሁን ወደ ፈረንሳይኛው። ሶርሴልሪ መተትንም ቡዳንም ጠቅልሎ ስለሚይዝ ተርጓሚው አማርኛ የለየውን መልሶ እንዳይቀላቅል መጠንቀቅ አለበት። ለቡዳ «ሞቬ ዜይ»፣ ማለትም ክፉ ዐይን፣ ይቀርባል። ሻርም ካርመን ከሚለው የላቲን ቃል የመጣ ሲሆን ትርጉሙ ዜማ ወይም ግጥም ነበር፤ ስለዚህ በመነሻው የድግምት ዘመድ ነው። ሶር በላቲን ዕጣ ነበር፤ ሶርሲዬ የሚለው የባለሙያው መጠሪያም ከዚያው ይወጣል። ይሁን እንጂ «ዥቴ አን ሶር» የሚለውን «ዕጣ ጣለ» ብሎ የሚተረጉም ይሳሳታል፤ ሰው ላይ መተት ማድረግን ነው የሚያመለክተው። ታሊስማንና የእኛ ጠልሰም ደግሞ ከአንድ የግሪክ ቃል የተነሡ ናቸው። በእኛ ዘንድ ጠልሰም ክታቡ ላይ የሚሣለው ዐይናማ ምስል ነው። ተንጠልጣዩ ክታብ ለፈረንሳይኛው አሙሌት ይቀርባል።

በፈረንሳይኛ የጻፉ ተመራማሪዎችም በዚሁ ምርጫ አልፈዋል። ፖላንዳዊው ስቴፋን ስትሬልሲን እ.ኤ.አ. በ1955 መፍትሔ ሥራይ የተባሉትን ጸሎቶች ሲያሳትም ሥራይን «ሻርም»፣ መፍታትን «ዴሊዬ» ብሎ ተረጎመ። «ዴሊዬ» የታሰረን መፍታት ስለሆነ የግእዙን ሐሳብ አልለቀቀም። ማርሴል ግሪዮል ግን እ.ኤ.አ. በ1930 የአንድ ደብተራን የመድኃኒት መጽሐፍ ሲያወጣ «ደብተራ» የሚለውን ሳይተረጉም ርዕሱ ላይ ተወው።

ግሪዮል ልክ ነበር። ደብተራ ዜማ፣ አቋቋምና ቅኔ የተማረ፣ ማኅሌት የሚቆም የቤተ ክርስቲያን ሰው ነው። የጎጃሞቹ ዲማ ጊዮርጊስና ዋሸራ የታወቁት በቅኔ ነው እንጂ በመተት አይደለም። ከደብተራዎች መካከል ክታብ የሚጽፍ መኖሩ ሁሉንም «ማዢሲየን» አያሰኝም።

በዚህ ረገድ የቃል ስሕተት ከትርጉም ጉድለት አልፎ ሰው ይጎዳል። ሸክላ ሠሪውና ቀጥቃጩ ቡዳ እየተባሉ ከጋብቻና ከማዕድ ተገልለዋል። መተት ቢባል ኖሮ «ማን አደረገው? መቼ? በምን?» ተብሎ ይጠየቅ ነበር፤ «ቡዳ» የሚለው ስም ግን ምንም ያላደረገን ሰው በዘሩ ይከሳል። ስለዚህ ቃሉን በየትኛውም ቋንቋ ከመጻፋችን በፊት ድርጊትን ወይስ ሰውን እየሰየምን እንደሆነ እንለይ።