ተያዥ፣ ሙከራና ቅርጫ

«ተያዥ ማቅረብ የሚችል» የሚለው ሐረግ በኢትዮጵያ የሥራ ማስታወቂያዎች ላይ ከትምህርት ደረጃና ከሥራ ልምድ ቀጥሎ ይመጣል። ገንዘብ ያዥ፣ የንብረት ክፍል ሠራተኛ፣ ሾፌር፣ የሽያጭ ሠራተኛ ወይም ጥበቃ ሆኖ ለመቀጠር ይህን መስፈርት ማለፍ ግድ ነው። ተያዥ ማለት ተቀጣሪው ንብረት ቢያጠፋ ወይም ገንዘብ ቢያጎድል እከፍላለሁ ብሎ የሚፈርም ሰው ነው። ብዙ ጊዜ ደመወዝተኛ መሆን ይጠበቅበታል፤ ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ አጽፎ ይመጣል።

የአሠሪው ስጋት የሚገባ ነው። የዳፋው ክብደት የሚያርፈው ግን ከተማ ውስጥ ሰው በሌለው ሥራ ፈላጊ ላይ ነው። ከገጠር መጥቶ የተማረ ወጣት የጽሑፍ ፈተናውን አልፎ፣ ቃለ መጠይቁን አልፎ፣ መጨረሻ ላይ የሚፈርምለት ደመወዝተኛ ዘመድ በማጣቱ ቦታው ለተጠባባቂ ሲሰጥ ያያል። ፈተናው ምን እንደሚያውቅ መዝኗል፤ ተያዡ የሚመዝነው የማን ዘመድ እንደሆነ ነው። ይህ በግልጽ ሊነገር የሚገባው በደል ነው።

ተያዥ የሚሆነውም ሰው ቢሆን በይሉኝታ ብቻ መፈረም የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1922 ዋስትና በግልጽ መሰጠት እንዳለበት፣ ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው የገንዘብ መጠን ካልተጠቀሰም ዋስትናው እንደማይጸና ይደነግጋል። ስለዚህ ወረቀቱ ሲቀርብ ዓይን መጀመሪያ ሊፈልገው የሚገባው ይህን የብር መጠን ነው።

ቅጥሩ ከተፈጸመ በኋላ የሙከራ ጊዜ ይከተላል። የግል ድርጅቶችንና የመንግሥት ልማት ድርጅቶችን የሚመለከተው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ይህን ጊዜ ከ60 የሥራ ቀናት እንዳይበልጥ ወስኖታል። በፊት በነበረው አዋጅ 45 ተከታታይ ቀናት ነበር። ሙከራው በጽሑፍ መስፈር አለበት፤ በሙከራ ላይ ያለ ሠራተኛም መብቱና ግዴታው በመሠረቱ እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ነው። የቅጥር ውል በጽሑፍ ካልተደረገ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ ዋና ዋና ነጥቦቹን የያዘ የተፈረመ ደብዳቤ ለሠራተኛው መስጠት ይኖርበታል። ባይሰጥም ሠራተኛው መብቱን አያጣም። ብዙ አዲስ ተቀጣሪዎች ይህን ስለማያውቁ «ውል የለኝም» ብለው አንገታቸውን ደፍተው ይሠራሉ።

አዲሱ ሠራተኛ ቀስ እያለ የሚለምደው ሌላ ሕይወትም አለ፤ ቡናው፣ ዕቁቡ፣ ለቅሶ መድረሱ፣ የወላድ ጥየቃው። አዋጁ የትዳር ጓደኛ ወይም የቅርብ ዘመድ ለሞተበት ሠራተኛ 3 የሥራ ቀናት ከደመወዝ ጋር ይፈቅዳል። ሐዘንተኛው ቤት ድረስ የሚሄዱት፣ ድንኳን ውስጥ አብረው የሚያመሹት የሥራ ባልደረቦች ግን በየትኛውም አዋጅ አልተጻፉም። ለቅሶ ያልደረሰ ሰው ሥራውን የቱንም ያህል ቢያውቅ በባልደረቦቹ ዘንድ ክብሩ ይቀንሳል።

ዕቁብ በመሥሪያ ቤት የሚስፋፋበት ምክንያት ደግሞ ከደመወዙ አከፋፈል ይጀምራል። የኢትዮጵያ ዓመት 13 ወር ቢሆንም በዚህ አቆጣጠር የሚከፍሉ መሥሪያ ቤቶች የወር ደመወዝ የሚከፍሉት 12 ጊዜ ነው። ጳጉሜን ይሠራባታል እንጂ ለብቻዋ አይከፈልባትም። ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም መጨረሻ ድረስ 35 ቀን፣ በየ4 ዓመቱ ደግሞ 36 ቀን በአንድ ደመወዝ ማለፍ ግድ ይላል። በዚህች ረጅም ወር ውስጥ እንቁጣጣሽ አለ፣ መስከረም 17 መስቀል አለ፣ የልጆች ደብተርና የደንብ ልብስም አለ። ዕጣው በጳጉሜን የወጣለት ዕቁብተኛ ደስታው ከፊቱ ይነበባል፤ ቀድሞ የበላው ደግሞ ወደ ብድር ይሄዳል።

ፋሲካ ሲቃረብ በየመሥሪያ ቤቱ የቅርጫ ስም ዝርዝር ይዞራል። ስሙን ያስመዘገበ ሁሉ ድርሻውን ያዋጣል፤ ከብት ማየት የሚያውቁ ሁለት ሦስት ሰዎች በሬ ሊገዙ ገበያ ይላካሉ። በሬው ከታረደ በኋላ ሥጋው በንጹሕ ሸራ ወይም በቅጠል ላይ መደብ መደብ ሆኖ ይከፋፈላል። ከሽንጡ፣ ከታላቁ፣ ከጎድኑ፣ ከጉበቱና ከጨጓራው ለየመደቡ እኩል እንዲደርስ ይታያል፤ አንዱ አነሰ ከተባለ ከሌላው ተቆርጦ ይጨመርለታል። ከዚያ ዕጣ ይጣላል። እያንዳንዱ ባለድርሻ የራሱን ምልክት ይሰጣል፤ አንዱ ቁልፍ፣ አንዷ ሳንቲም፣ ሌላው የእስክሪብቶ ክዳን። ምልክቱ የማን እንደሆነ የማያውቅ ሰው ተቀብሎ በየመደቡ ላይ ያስቀምጠዋል። የሥራ አስኪያጁ ቁልፍና የጽዳት ሠራተኛዋ ሳንቲም በአንድ እጅ ይታፈሳሉ። የሚከፋፍለው ሰው የትኛው መደብ ለማን እንደሚደርስ ስለማያውቅ የማዳላት ምክንያት የለውም፤ ለራሱም ምን እንደሚደርሰው አያውቅም።

ሙስሊሙ ሠራተኛ በበኩሉ ለኢድና ለአረፋ በእምነቱ የታረደውን ከጓደኞቹ ጋር ይቃረጣል፤ ሥጋው ባይገናኝም እንኳን አደረሳችሁ መባባሉና ቤት ጠርቶ ቡናና ለስላሳ መጋበዙ አይቀርም።

ከቅርጫው ሥርዓት ጋር ሲተያይ የቅጥሩ አሠራር የሚያሳዝን ነው። አንድ በሬ ሲካፈል ስም የሚሸፍን ማኅበረሰብ ሥራ ሲሰጥ ስም ያስቀድማል። «ሰው አለህ ወይ?» የሚለው ጥያቄ ከ«ምን ትችላለህ?» በፊት ይመጣል። የጽሑፍ ፈተናን በተፈታኙ ስም ፋንታ በቁጥር የሚያርም መሥሪያ ቤት ቅርጫ ሲጣል የሚያደርገውን ነው ያደረገው። ወጪም የለበትም፤ ዘዴውም ለማንም እንግዳ አይደለም።

በበዓል ቀን ሥራ የማይቆምባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሆስፒታል፣ ሆቴል፣ ዳቦ ቤት፣ ጥበቃ። በአዋጁ መሠረት በሕዝብ በዓል ቀን የሠራ ሠራተኛ ለያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛ የሰዓት ደመወዙ እጥፍ ይከፈለዋል። የዓመት ፈቃድ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት ሲሆን በየ2 ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመርበታል። ሠራተኛው በሥራ ላይ እያለ ፈቃዱን በገንዘብ መለወጥ በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው። ሕጉ የፈለገው ሰውየው እንዲያርፍ ነው። ፈቃዳቸውን ሳይወስዱ ዓመታት የሚያስቆጥሩ ሠራተኞች ግን ብዙ ናቸው፤ ገሚሱ አለቃውን ፈርቶ፣ ገሚሱ እኔ ከሌለሁ ሥራው ይቆማል ብሎ። ልጆቹ ሲያድጉ ያላያቸው አባት ያንን ፈቃድ በኋላ ከየትም አያመጣውም።

ይህ ሁሉ ጥበቃ የማይደርሳቸው ሰዎችም አሉ። በግለሰብ ቤት የሚሠሩ የቤት ሠራተኞች ከአዋጁ ውጭ ናቸው። የበዓሉን ዶሮ የምትሠራው ልጅ እጥፍ ክፍያ፣ የተወሰነ የሥራ ሰዓት ወይም 16 ቀን ፈቃድ በዚህ ሕግ አልተሰጣትም። ስትቀጠር ግን ተያዥ አምጪ ትባላለች፤ ደላላውም ድርሻውን ይወስዳል። ኃላፊነቱ ተጭኖባት መብቱ ገና አልደረሳትም። ለበዓል አገሯ ሄዳ እናቷን ለማየት መቻሏ በአሠሪዋ ቸርነት ላይ የተንጠለጠለ ነው።

ከሥራ መልቀቅም የራሱ ሥርዓት አለው። ለቃቂው የክሊራንስ ወረቀት ይዞ ከንብረት ክፍል ወደ ፋይናንስ፣ ከፋይናንስ ወደ መዝገብ ቤት እየዞረ ያስፈርማል። አሠሪው የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት በነጻ መስጠት አለበት፤ ይህ ወረቀት ሠራተኛው ገና በሥራ ላይ እያለም ሊጠየቅ ይችላል። ብዙዎች የሚረሱት አንድ ሰነድ ግን በማኅደሩ ውስጥ ይቀራል፤ በመጀመሪያው ቀን ዘመድ ወይም ጎረቤት የፈረመበት የተያዥ ወረቀት። ዕዳ የሌለበት ሠራተኛ ይህ ወረቀት እንዲመለስለት ወይም ዋስትናው መነሣቱን የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጠው ጠይቆ፣ ለፈረመለት ሰው በእጁ ሊያደርስለት ይገባል።