ያረረ ድስት የሚያስወጣው ወጪ፤ ርካሹ ማጽጃ ጊዜ ነው

በዓል ሲያልፍ የሚተርፈው ብድር ብቻ አይደለም፤ ያረረ ድስትም አለ። ዶሮው ተበልቶ፣ እንግዳው ተሸኝቶ ሲያበቃ ከድስቱ ግርጌ ጥቁር፣ ከጠርዙ ዙሪያ ደግሞ ቡናማ ቀለበት ሠርቶ የተጋገረ ነገር ይታያል። በሳሙና ቢታሽ አይለቅም። ሌላ ሳሙና ይገዛል፤ አሁንም አይለቅም። ሽቦ ይመጣል፣ በረኪና ይጨመራል። በመጨረሻ እድፉ ሲለቅ የድስቱም ዕድሜ አብሮ ያልቃል።

ጉዳዩ የጓዳ ጉዳይ ነው ተብሎ የሚናቅ አይደለም። ከለቡ እስከ ጀሞ፣ ከጎፋ እስከ መካኒሳ በንፋስ ስልክ ላፍቶ ክፍለ ከተማ ከውጭ የመጣ የኤሌክትሪክ ድስት ያላቸው ቤቶች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ስሎው ኩከር የሚባለው፣ በአማርኛ ቀስ አብሳይ ድስት ልንለው የምንችለው ዕቃ ነው። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ እንዲህ ያለውን ዕቃ አበላሽቶ በሌላ መተካት ቀድሞ እንደነበረው ቀላል አይደለም። ሽቦ የጫረው ድስት በብር ተገዝቶ በዶላር የሚከፈልበት ኪሣራ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የሰንበት ወጥ ያስገኘው ዕቃ

ቀስ አብሳይ ድስት ኧርቪንግ ናክሰን የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ሥራ ነው። እናቱ በሊቱዌኒያ በልጅነቷ ያየችውን ትነግረው ነበር። የሰንበት ወጥ ዓርብ ማታ ወደ ዳቦ ቤት ይወሰድና እየቀዘቀዘ በሚሄደው ምድጃ ውስጥ ሌሊቱን ሙሉ ሲበስል ያድራል። ናክሰን ይህንኑ በኤሌክትሪክ ለመሥራት አስቦ እ.ኤ.አ. በ1940 የፈጠራ መብት አገኘበት። ሪቫል የተባለው ኩባንያ ሥራውን ገዝቶ እ.ኤ.አ. በ1971 ክሮክ ፖት በሚል ስም ለገበያ አቀረበው።

በአሜሪካ የሚኖሩ ወገኖቻችን ዕቃውን ለቁሌት አዋሉት። ሽንኩርቱን ከትፈው ይጨምሩና ሥራ ውለው ሲመለሱ በስሎ ይጠብቃቸዋል። አዲስ አበባ የሚገኘውም ብዙውን ጊዜ ከእነርሱ ሻንጣ የወጣ ነው።

እድፍ ሁሉ አንድ አይደለም

የውስጠኛው ድስት በአብዛኛው መስታወት መሰል ሽፋን የተቀባ ሸክላ ነው። በዚህ ላይ የሚቀመጠው እድፍ በሦስት ይከፈላል። የሦስቱም መድኃኒት ለየቅል ነው።

አንደኛው ያረረው ነው። ሽንኩርት ስኳር አለው። ለብዙ ሰዓት ሲቁላላ ስኳሩ ይጠቁራል፤ ዘይቱና ቅቤው ደግሞ እንደ ቫርኒሽ ይደርቃል። ወጡ እየተነነ ዝቅ ሲል በጠርዙ ላይ የቀረው ስስ ሽፋን እዚያው ይጋገራል። ዙሪያውን የሚታየው ቀለበት ይኸው ነው።

ሁለተኛው የበርበሬ ቀለም ነው። የበርበሬ ቅላት በስብ እንጂ በውሃ አይሟሟም። በውሃ ብቻ ማጠብ ትርፉ ድካም የሚሆነው ለዚህ ነው። አስቀድሞ በጥቂት ዘይት ጠርጎ ከዚያ በሳሙና ማጠብ ይበጃል። በፕላስቲክ ክዳን ላይ የቀረው ቅላት ፀሐይ ሲመታው ይደበዝዛል።

ሦስተኛው ነጭ ነው፤ ኖራ የመሰለ። ይህ ከውሃው የሚመጣ ነው። በደቡብ አዲስ አበባ የሚገኙ ሰፈሮች የአቃቂን የከርሰ ምድር ጉድጓዶች ውሃ ያገኛሉ፤ የጉድጓድ ውሃ ደግሞ ከግድብ ውሃ ይልቅ ማዕድን ይበዛዋል። ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚጋገረው ነጭ ነገር ይኸው ነው።

ድስቱ ራሱን ሲያጥብ

ላረረው እድፍ ምርጡ ሠራተኛ ድስቱ ራሱ ነው። አሠራሩም የሚከተለው ነው።

ድስቱ ከቀዘቀዘ በኋላ እድፉን እስኪሸፍን ሙቅ ውሃ ይሞላል። ለሦስት ሊትር ውሃ ሦስት የሾርባ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳና ጥቂት ፈሳሽ ሳሙና፣ ማለትም ብዙው ሰው ላርጎ የሚለው፣ ይጨመራል። ክዳኑ ይገጠምና በዝቅተኛው ሙቀት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይቆያል። ከዚያ ይጠፋል፤ ለብ እስኪል ይጠበቃል። የቀረው በእንጨት ማንኪያ ተገፍቶ በለስላሳ ስፖንጅ ይታሻል። አሁንም የሚግደረደር ካለ ሶዳውን በጥቂት ውሃ ለውሶ ቦታው ላይ መለጠፍና ግማሽ ሰዓት መተው ነው።

ይህ አዲስ ጥበብ አይደለም። እናቶቻችን ድስት በአመድ ሲያሹ ያውቁት ነበር። አመድ በውሃ ሲርስ ስብን ይበትናል፤ ሶዳውም የሚሠራው በዚያው መንገድ ነው። ልዩነቱ ሶዳ ከአመድና ከአሸዋ የላመ በመሆኑ ሽፋኑን አለመጫሩ ነው።

ለነጩ እድፍ ግን ሶዳ አይረዳም፤ እርሱን የሚያስለቅቀው ኮምጣጣ ነው። የሁለት ሎሚ ጭማቂ ወይም አንድ የሻይ ብርጭቆ አቼቶ ከሙቅ ውሃ ጋር ጨምሮ ለአንድ ሰዓት ማቆየት ይበቃል። አትክልት ተራ በ2012 ዓ.ም. ከፒያሳ ወደ ጃን ሜዳ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ ወደ ሃይሌ ጋርመንት ከተዛወረ ወዲህ ሽንኩርቱም ሎሚውም ለዚህ ክፍለ ከተማ ነዋሪ ከአንድ አቅጣጫ ይመጡለታል። ችግሩም መድኃኒቱም ከአንድ ገበያ ነው እንደ ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ ስህተት አለ። ሶዳውንና አቼቶውን በአንድ ላይ ጨምሮ አረፋውን ማድነቅ ነው። አረፋው ዓይን ይማርካል፤ ሥራው ግን ጥቂት ነው። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ኃይል ያጠፋል፤ የሚተርፈው ጨው ያለበት ውሃ ነው። በኢኮኖሚክስ ቋንቋ ሁለት ወጪ አውጥቶ ምርቱን ዜሮ ማድረግ ነው። በተራ በተራ ከተጠቀሙባቸው ግን ሁለቱም ዋጋቸውን ይከፍላሉ።

ከኪስ የሚከብድ ኪሣራ

የበረኪና ነገር ከዚህ ሁሉ የተለየ ነው። በረኪና ቀለም ያነጣል እንጂ ያረረ ስብ አያነሳም። የከፋው ግን ከሎሚ፣ ከአቼቶ ወይም አሲድ ካለበት የመጸዳጃ ቤት ማጽጃ ጋር ሲገናኝ ክሎሪን የተባለ መርዛማ ጋዝ መልቀቁ ነው። የኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ጠባብ ነው። በዚያ ጎንበስ ብላ ድስት የምታሸው ደግሞ ብዙውን ጊዜ የቤት ሠራተኛዋ ናት። «እድፉ ካልለቀቀ በረኪና ጨምሪበት» የሚል ትእዛዝ ሳንባዋን ሊያቆስል እንደሚችል አሠሪዎች ሊያውቁት ይገባል። ቢያጋጥም መስኮትና በር ከፍቶ ወዲያውኑ ከክፍሉ መውጣት፣ ማሳል ወይም የትንፋሽ ማጠር ካለም ወደ ሐኪም መሄድ ነው።

ስሙ ከሚመሳሰለው ከኮስቲክ ሶዳም መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ኮስቲክ ሶዳ ለሳሙና መሥሪያ የሚሆን፣ ቆዳ የሚያቃጥል ኬሚካል ነው። ሱቅ ሲሄዱ «ሶዳ» ብቻ ብሎ ከመጠየቅ «የኬክ፣ ቤኪንግ ሶዳ» ማለት ይሻላል።

ሒሳቡ ምን ይላል?

የኤሌክትሪክ ታሪፍ ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ወዲህ ደረጃ በደረጃ እየጨመረ በመሆኑ ሦስት ሰዓት ማብራት ያስፈራ ይሆናል። ሆኖም በዝቅተኛ ሙቀት 200 ዋት የሚወስድ ድስት በሦስት ሰዓት የሚፈጀው 0.6 ኪሎ ዋት ሰዓት ነው። 3,500 ዋት የሚወስድ የእንጀራ ምጣድ ይህንኑ ያህል በ10 ደቂቃ ይጨርሳል። ስለዚህ ድስቱን ለማጠብ የሚወጣው ኃይል ሦስት አራት እንጀራ ከመጋገር አይበልጥም። በሌላ በኩል ሽቦ ርካሽ ቢሆንም የጫረው ሽፋን አይመለስም፤ ጭረቱም ለሚቀጥለው እድፍ መያዣ ይሆናል። ዛሬ በሽቦ የነጣ ድስት ነገ ቶሎ ያርራል።

ጥቂት ጥንቃቄዎችን እንጨምር። ትኩስ ድስት ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ማፍሰስ ሸክላውን ይሰነጥቃል። ሽቦ ያለው የውጭው ክፍል ውሃ ውስጥ አይነከርም፤ ከሶኬት ተነቅሎ በእርጥብ ጨርቅ ይወለወላል። የሶዳው ዘዴ ለአሉሚኒየም ድስት አይሆንም፤ ያጠቁረዋል። ሽፋን የሌለው የአገራችን ሸክላ ድስት ደግሞ ሳሙናውን ስለሚመጥ በሙቅ ውሃ ብቻ ተዘፍዝፎ ይታጠባል።

ያገለገለ ቀስ አብሳይ ድስት ለመግዛት ያሰበ ሰው ከእድፉ ይልቅ ሁለት ነገር ይመልከት። የመጀመሪያው የውስጡ ሽፋን ነው፤ ጣት ሲያልፍበት የሚሻክር ወይም የፀጉር ያህል ስንጥቅ ያለበትን መተው ነው። ሁለተኛው ከሥሩ የተጻፈው ቮልቴጅ ነው። ለአሜሪካ የተሠራው በ120 ቮልት ነው፤ የእኛ 220 ነው። ያለ ትራንስፎርመር ቢሰካ ከተሠራበት ኃይል ሦስት እጥፍ በላይ ይወስዳል። ቀስ አብሳይ መሆኑ ይቀርና በአንድ ማታ ወጡን አሳርሮ ራሱም ይቃጠላል። እድፍ በሶዳና በትዕግሥት ይለቃል፤ ለተቃጠለ ዕቃ ግን ማጽጃ የለውም። ሻጩ ለእድፉ ዋጋ ከቀነሰ ገዢው ይጠቀም፤ ለስንጥቁና ለቮልቴጁ ግን ቅናሽ አያታልለው።