ቻሪዛርድ ስንት ያስከፍላል? የፖኬሞን ካርድ ሲነበብ

ጃፓናዊው ሳቶሺ ታጂሪ በልጅነቱ ነፍሳት እያሳደደ መሰብሰብ ይወድ ነበር። ያ ፍቅሩ አድጎ እ.ኤ.አ. በ1996 ፖኬሞን የተባለውን የጌም ቦይ ቪዲዮ ጨዋታ ወለደ። ዓመቱ ሳያልቅም የጨዋታው ፍጡራን ወደ ካርድ ተሻገሩ።

የካርዱ ጨዋታ የሁለት ሰው ነው። እያንዳንዱ 60 ካርድ ይዞ ይቀርባል፤ ሰባቱን በእጁ ይይዛል፣ ስድስቱን ለሽልማት ደፍቶ ያስቀምጣል። የተጋጣሚውን ፍጡር በጣለ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ አንድ ሽልማት ያነሳል። ስድስቱን ቀድሞ የጨረሰ ያሸንፋል።

ሕጉ ይህን ያህል ነው። ውበቱ የሚታየው ግን አንድን ካርድ በእርጋታ ሲያነቡት ነው። ሚትሱሂሮ አሪታ የሣለውን የመጀመሪያውን ቻሪዛርድ እንውሰድ፤ ክንፍ ያለው፣ እሳት የሚተፋ፣ ዘንዶ መሰል ፍጡር ነው። ከላይ 120 ተጽፏል፤ ይህን ያህል ጉዳት እስኪደርስበት ድረስ አይወድቅም። ከሥዕሉ በታች ያለው ጥቃቱ በአንድ ምት 100 ይጎዳል። አስፈሪ ነው፤ ዋጋውም እንደዚያው። በተለመደው መንገድ መጀመሪያ ትንሹ ቻርማንደር መውጣት አለበት፤ እሱ በሌላ ተራ ቻርሚሊየን ይሆናል፣ ቻሪዛርድ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ጥቃቱ አራት የኃይል ካርድ ይፈልጋል፤ በአንድ ተራ የሚጨመረው ግን አንድ ብቻ ነው። በተፋ ቁጥርም ሁለቱን ይጥላል። የውሃ ፍጡር ከመታው ደግሞ ጉዳቱ እጥፍ ይሆንበታል።

ከጎኑ ቡጢኛውን ሂትሞንቻንን አስቀምጡት። 70 ብቻ ነው የሚችለው፣ በአንድ የኃይል ካርድ 20 ይመታል። ነገር ግን የሚጠብቀው ዕድገት የለም፤ ወዲያው ሥራ ይጀምራል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ውድድር ላይ እጅግ ከተፈሩት የካርድ ጥቅሎች አንዱ፣ «ሄይሜከር» የሚሉት፣ እንዲህ ባሉ ፈጣን ፍጡራን የተሞላ ነበር። በእኔ እምነት የጨዋታው ትልቁ ጥበብ ይህ ነው፤ ልጅ የሚመኘውን ግዙፍ ፍጡር ይሰጠዋል፣ ከዚያም ጉልበቱ ምን እንደሚያስከፍል ቁጭ ብሎ እንዲያሰላ ያደርገዋል።

ገበያው ሌላ ሚዛን አለው፤ የሚመዝነው ብርቅነትን ነው። በካርዱ ግርጌ ክብ ምልክት ካለ ተራ ነው፣ ኮከብ ካለ ብርቅ። እ.ኤ.አ. በ2021 ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ የተከፈለበት ፒካቹ የተባለው ፍጡር ካርድ ለሥዕል ውድድር አሸናፊዎች የተሰጠ ነው፤ ጥቃትም ሆነ የጉዳት ልክ አልተጻፈበትም፣ ለጨዋታ አይሆንም።

ስለዚህ ልጅዎ ካርድ ግዙልኝ ካለዎት፣ ውስጡ የማይታወቀውን እሽግ ትተው ለጨዋታ ተዘጋጅቶ የሚሸጠውን የ60 ካርድ ጥቅል ይግዙለት። ሁለት ቢገዙ ደግሞ የተሻለ ነው፤ አንዱን እርስዎ ይያዙና ይግጠሙት።