ከማዕድ በተረፉ ምግቦች የሚጋገር እንቁላል፦ አዘገጃጀቱና ሊደረግ የሚገባው ጥንቃቄ

እንቁላል በአነስተኛ መጠን ከፍተኛ የምግብ ይዘት ከሚገኝባቸው ምግቦች አንዱ ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ገደማ ፕሮቲን የሚሰጥ ሲሆን፣ ቫይታሚን ኤ እና ቫይታሚን ቢ12ም ይገኙበታል። በ2015 ዓ.ም. ይፋ የሆነው የሌማት ትሩፋት መርሐ ግብርም ከወተት፣ ከዶሮ ሥጋና ከማር ጋር በትኩረት ከያዛቸው ምርቶች መካከል እንቁላል ይገኝበታል። ይሁንና ለእያንዳንዱ የቤተሰብ አባል እንቁላል በየዕለቱ ማቅረብ ለብዙዎች ከባድ ነው። ጥቂት እንቁላሎችን ለመላው ቤተሰብ ለማዳረስ ከሚያስችሉ መንገዶች አንዱ፣ ከማዕድ ከተረፉ አትክልቶችና ከደረቀ ዳቦ ጋር አዋሕዶ መጋገር ነው።

ለዚህ የሚስማሙት የትኞቹ ናቸው?

የተቀቀለ ድንችና ካሮት፣ የበሰለ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ጥቅል ጎመን፣ ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ የደረቀ ዳቦ እንዲሁም አይብ ተስማሚ ናቸው። ረቡዕ ለጾም ከተሠራው ጎመን ወይም አልጫ የተረፈው፣ በአግባቡ በማቀዝቀዣ ካደረ፣ ለሐሙስ ቁርስ ሊውል ይችላል። መረቅ የበዛበት ወጥ ግን እንቁላሉ እንዳይረጋ ስለሚያደርግ አይመከርም። ጎመንና ቆስጣም ከመቀላቀላቸው በፊት ውኃቸው መጨመቅ አለበት።

አዘገጃጀት (ለ6 ሰው)

የሚያስፈልጉት 6 እንቁላል፣ ግማሽ ብርጭቆ ወተት፣ 2 ብርጭቆ የተከተፈ የበሰለ አትክልት፣ 1 ብርጭቆ የተቆራረሰ ደረቅ ዳቦ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ናቸው።

1. ምድጃውን (ኦቨኑን) በ180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አስቀድሞ ማሞቅ፤ መጋገሪያውን ዘይት መቀባት።
2. ዳቦውን ከሥር አንጥፎ አትክልቱን በላዩ ማልበስ።
3. እንቁላሎቹን አንድ በአንድ በተለየ ዕቃ ሰብሮ ደኅንነታቸውን ካረጋገጡ በኋላ ከወተቱ ጋር መምታት። የተረፈው ምግብ ቀድሞ ጨው ያለው ከሆነ ጨው መቀነስ።
4. የተመታውን እንቁላል በአትክልቱ ላይ አፍስሶ ከ25 እስከ 30 ደቂቃ መጋገር።
5. መሐሉ ሲነካ የማይንቀጠቀጥ፣ ቢላዋ ሲገባበትም ንጹሕ ሆኖ የሚወጣ ከሆነ በስሏል። ቴርሞሜትር ያለው ሰው የመሐሉ ሙቀት 74 ዲግሪ መድረሱን ማረጋገጥ ይችላል።

ምድጃ የሌለው ቤተሰብ፣ ውሕዱን ወፍራም መቀመጫ ባለው ድስት አድርጎ፣ ክዳኑን በሚገባ ገጥሞ፣ በለዘበ እሳት ማብሰል ይችላል። ለድፎ ዳቦ እንደሚደረገው በክዳኑ ላይ ጥቂት ፍም ቢደረግ ከላይም ይጋገራል። ከሰል መርዛማ ጭስ ስለሚያወጣ በተዘጋ ቤት ውስጥ መጠቀም ለሕይወት አደገኛ ነው፤ ሥራው ከቤት ውጭ ቢከናወን ይመረጣል።

እሳት የተበላሸን ምግብ አያድንም

ብዙዎች የተረፈ ምግብ በድጋሚ ከበሰለ ችግር እንደማያስከትል ያምናሉ። ይህ ሙሉ በሙሉ ትክክል አይደለም። ሙቀት አብዛኞቹን ጀርሞች ቢገድልም፣ አንዳንዶቹ ምግቡ ውጭ በቆየበት ጊዜ ያመረቱት መርዝ በማብሰል አይጠፋም። በክፍል ሙቀት የቆየ ሩዝ ለዚህ የታወቀ ምሳሌ ነው። ስለዚህ የምግቡ ደኅንነት የሚወሰነው በሚጋገርበት ሰዓት ብቻ ሳይሆን ከማዕድ በተነሣበት ሰዓትም ጭምር ነው።

በመሆኑም የሚከተሉትን መፈጸም ያስፈልጋል፦

• የተረፈን ምግብ ከበሰለ በ2 ሰዓት ጊዜ ውስጥ ማቀዝቀዣ ውስጥ ማስገባት፤ በ3 ቀን ውስጥም መጠቀም።
• መብራት ሲቋረጥ የማቀዝቀዣውን በር አለመክፈት። በሩ እንደተዘጋ ከሆነ ቅዝቃዜው ለ4 ሰዓት ያህል ይቆያል።
• ማቀዝቀዣ በሌለበት ቤት ያደረ የበሰለ ምግብ አለመጠቀም። በምትኩ ያልተከተፉ ጥሬ አትክልቶችንና ያልሻገተ ደረቅ ዳቦን መጠቀም ይቻላል።
• የተሰነጠቀ እንቁላል አለመጠቀም። ጥሬ እንቁላል ከነኩ በኋላ እጅን በሳሙና መታጠብ፤ ሳልሞኔላ የተሰኘው ጀርም በቅርፊቱ ላይ ሊኖር ይችላልና።
• ለሕፃናት፣ ለነፍሰ ጡሮች፣ ለአረጋውያንና ለሕሙማን እንቁላሉ በሚገባ መብሰሉን ማረጋገጥ። ለሕፃናት የሚዘጋጀው በዕለቱ በተቀቀለ አትክልት ቢሆን ይመረጣል።
• ከተጋገረ በኋላ የተረፈውን ለሁለተኛ ጊዜ አለማሳደር።

ሽታው ወይም መልኩ የተለወጠ ምግብ ይጣል፤ ሽታው ያልተለወጠ ሁሉ ግን ደኅና ነው ማለት አይደለም። አንድ ጭልፋ ጎመን ለማትረፍ ሲባል የቤተሰብን ጤና ለአደጋ ማጋለጥ አይገባም። በአግባቡና በጊዜው የተቀመጠ ምግብ ግን ከጥቂት እንቁላል ጋር ተዳምሮ ለመላው ቤተሰብ የሚበቃ ገንቢ ማዕድ ይሆናል።