የበሰቃ ውሃ ከየት መጣ?

ርብና ጉማራ ሁለቱም ከደብረ ታቦር በላይ ከቆመው ከጉና ተራራ ተነሥተው ወደ ጣና ይወርዳሉ። ጉማራ ደራ ወረዳ ሲደርስ ዳሩ ላይ የዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ። ሕመምተኛው ከየአቅጣጫው እየመጣ ይጠመቅበታል፤ የተረፈው ወንዙ ውስጥ ይገባል፣ ማንም አይጨነቅበትም። ደጋውን ክረምት በየዓመቱ ያጥበዋል፣ ጣናም በዓባይ በኩል መውጫ አለው። ፍል ውሃ ከምድር ሆድ ያወጣው ማዕድን የትም ሳይጠራቀም ይሄዳል።

ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ከአዲስ አበባ በስተምሥራቅ 190 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ መተሐራ ከተማ አጠገብ፣ በፈንታሌ እሳተ ገሞራ ግርጌ የበሰቃ ሐይቅ ተኝቷል። ዳርቻው ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል፤ መውጫ ግን አልነበረውም። የገባው ውሃ ይተናል፣ ጨው ይቀራል። እ.ኤ.አ. በ1961 ጨዋማነቱ ውሃው ኤሌክትሪክ በሚያስተላልፍበት መጠን ሲለካ በሴንቲ ሜትር ከ70 ሺህ ማይክሮሲመንስ በላይ ነበር፤ የባሕር ውሃ እንኳ 50 ሺህ ገደማ ነው። ያን ጊዜ ስፋቱ ከጥቂት ካሬ ኪሎ ሜትር አይበልጥም ነበርና ብዙ ሰው ከቁብ አልቆጠረውም።

ከዚያ ሐይቁ ማደግ ጀመረ። በሳተላይት ምስል እ.ኤ.አ. በ1973 የነበረው 11 ካሬ ኪሎ ሜትር በ2002 ወደ 40 ተጠጋ። የከረዩ አርብቶ አደሮች የግጦሽ መሬት ሰጠመ፤ ወደ ጅቡቲ የሚወስደው አስፋልትና የባቡር ሐዲዱም ውሃው ደረሰባቸው። መሐንዲሶቹን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ግን የሚቀጥለው ነበር። አዋሽ ቅርብ ነው። ሐይቁ አንድ ቀን ጠርዙን አልፎ ከፈሰሰ ጨውና ፍሎራይድ የተሸከመ ውሃ ወደ ወንዙ ይገባል፤ ከታች ደግሞ የአሚባራ እርሻና አዋሽን የሚጠጣ ሰውና ከብት አለ። ሶዲየም የበዛበት ውሃ ሸክላማ አፈርን ያበላሸዋል፤ ፊቱ ይጠነክራል፣ የመስኖው ውሃ ወደ ሥሩ መዝለቅ ያቅተዋል።

ታዲያ ይህ ሁሉ ውሃ ከየት መጣ?

መጀመሪያ የሚጠረጠረው ዝናብ ነው። መተሐራ ላይ ግን በዓመት የሚዘንበው 500 ሚሊ ሜትር ገደማ ሲሆን ትነቱ ከ2000 ይበልጣል። 40 ካሬ ኪሎ ሜትር ውሃ በዚህ ሂሳብ በየዓመቱ 60 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ይከስራል፤ ይህን ሸፍኖ ገና ለማደግ ሌላ ምንጭ ያስፈልገዋል። እዚያው ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ያለው አብያታ ሐይቅ ደግሞ ሲሸሽ እንጂ ሲሰፋ አልታየም።

ሁለተኛው ተጠርጣሪ ምድሪቱ ራሷ ናት። አካባቢው የሚሰነጠቅ መሬት ነው፤ ስንጥቁ ሲከፈት ፍል ውሃው ቢበረታስ? ይህን የሚያምኑ ባለሙያዎች ዛሬም አሉ፤ ክርክሩ አልተዘጋም። ነገር ግን አንድ የማይገጥም ቁጥር አለ። እ.ኤ.አ. በ1991 ሲለካ የሐይቁ ጨዋማነት ወደ 7 ሺህ ገደማ ወርዶ ነበር። ሐይቁን የሞላው ውሃ እንደ ቀድሞው ሐይቅ የመረረ አልነበረም ማለት ነው፤ ወጥ ጨው ሲበዛበት ውሃ እንደሚጨመርበት፣ የሆነ ቦታ ለስላሳ ውሃ ይጨመር ነበር።

ሦስተኛውን ያጋለጠው ጊዜው ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ተጠናቀቀ፤ እሱን ተከትሎ የመተሐራ አካባቢ እርሻዎች በአዋሽ ውሃ መስፋፋት ያዙ፣ የሐይቁም ማደግ ከዚህ ጋር ገጠመ። ሐይቁ አጠገብ ያለው የአባድር እርሻ በተለይ ዓይን ውስጥ ገባ። ሸንኮራ አገዳው ያልጠጣው ውሃ ከቦዩና ከማሳው ወደ ታች ይሰርጋል፣ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያነሣል፣ በሐይቁ ዳር ይወጣል። በእኔ ግምት ከማስረጃዎቹ ሁሉ የሚያሳምነው ይህ ነው። አዋሽን ያስፈራራው ውሃ ራሱ አዋሽ ነበር፤ በጓሮ በር ዞሮ፣ ጨው ተሸክሞ።

ሌላው ዓለም ለዚህ ዓይነቱ ጣጣ የየራሱን መላ መትቷል። እስራኤል በ1960ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) የገሊላ ባሕር ዳር ያሉትን ጨዋማ ምንጮች በቦይ ሰብስባ ከሐይቁ በታች ለቀቀቻቸው። ገሊላ ቀለለው፤ የታችኛው ዮርዳኖስ ግን ጨው በዛበት። አሜሪካ ኮሎራዶ ውስጥ የዶሎሬስን ወንዝ ለማዳን ጨዋማውን የከርሰ ምድር ውሃ ወንዙ ጋ ሳይደርስ በጉድጓድ ስበው ከአራት ኪሎ ሜትር በላይ ወደሚጠልቅ ዓለት ይደፉት ነበር፤ መጋቢት 2019 (እ.ኤ.አ.) መሬቱ በ4.5 መጠን ተንቀጠቀጠና ሥራው ለጊዜው ቆመ። በ2017 ዓ.ም. በተደጋጋሚ በተንቀጠቀጠው በፈንታሌ ግርጌ ይህን የሚደፍር ያለ አይመስለኝም።

በሰቃ ላይ የተመረጠው መንገድ ማቅጠን ነው። ቦይ ተቆፍሮ የሐይቁ ውሃ ወደ አዋሽ በልክ እንዲለቀቅ ሆነ፤ ልኩም ከወንዙ ፍሰት 2 በመቶ ያህል እንዲሆን ታቅዶ ነበር። አዋሽ 350፣ ሐይቁ 6000 ማይክሮሲመንስ ነው ብንል፣ 2 በመቶ ሲቀላቀል ወንዙ 463 ይሆናል። 10 በመቶ ቢለቀቅ ግን ከ900 ያልፋል። ወንዙ በሞላበት ክረምት ብዙ መልቀቅ ይቻላል፤ በበጋ አዋሽ ሲመነምን ያው የቦይ ውሃ ድርሻው ይገዝፋል፣ ገበሬው ደግሞ ውሃ አጥብቆ የሚፈልገው ያኔ ነው።

ሌላው ሥራ ከሐይቁ በላይ ነው፦ የመስኖ ቦዮችን በሲሚንቶ መልበስ፣ ማሳውን ማስተካከል፣ አገዳው ከሚጠጣው በላይ አለመልቀቅ። የከርሰ ምድር ውሃ ግን ቀርፋፋ ነውና ዛሬ የተደፈነ ስርገት ሐይቁ ላይ የሚታየው ቆይቶ ነው። እስከዚያው የአዋሽን ከፍታ እያዩ የቦዩን ውሃ መጨመርና መቀነስ ግድ ይላል።